ከብሎካችን ሥር ብረት ፋብሪካ ሊገባ ነው፤ ስብሰባው ላይ ምን ልጠይቅ?

የቄራዋ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ቄራ አካባቢ፣ ከወንዙ ትንሽ ከፍ ብሎ ያለ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምኖረው። ከብሎካችን ሥር ለዓመታት የእህል መጋዘን የነበረ ሰፊ ግቢ አለ። አሁን ሌላ ሰው እጅ ገብቷል። «ብረት ማቀነባበሪያ ሊሆን ነው» እየተባለ ሲወራ ቆየና ሰሞኑን የብሎክ ኮሚቴያችን በቴሌግራም አንድ ወረቀት ለቀቀልን። የኅብረተሰብ ምክክር፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ወረዳው አዳራሽ።

ከጥሪው ጋር አጭር ማጠቃለያ ተያይዟል። ላሜራ ይቆርጣል፣ ያጥፋል፣ ቱቦላሬ ይሠራል፣ የመንገድ መብራት ምሶሶ ያመርታል። መጨረሻ ላይ ምሶሶውን በዚንክ የመለበጥ ሥራም እንደሚኖረው ይጠቅሳል። ስለ አካባቢ የተጻፈው አንዲት አንቀጽ ናት። ተፅዕኖው አነስተኛ ነው፣ ጥንቃቄ ይደረጋል፣ ችግኝ ይተከላል። በቃ፣ አለቀ።

እኔ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ከብረት ጋር ያለኝ ዝምድና የቤቴ በር ቁልፍ ነው። ጎረቤቶቼ ለሁለት ተከፍለዋል። ግማሹ ጭሱን ፈርቷል። ግማሹ «ልጄ ሥራ ያገኝልኛል» ብሎ ከአሁኑ ደስ ብሎታል። እናቴ ደግሞ የግራይንደር ጩኸት ነው የሚያስጨንቃት። እኔ ተነስቼ «እንቃወማለን!» ብዬ ተጨብጭቦልኝ መቀመጥ አልፈልግም። ሸፋፍነው ሊያልፉት የማይችሉት ጥያቄ ይዤ መግባት ነው የምፈልገው። ሥራውን የምታውቁ እስቲ አስታጥቁኝ።

የሸገር ልጅ

የቄራ ሰው ደግሞ ሽታ ይፈራል እንዴ? 😂 ቀልዴን ነው። ችግኙን በየትኛው ውሃ እንደሚያጠጡት ጠይቂልኝ።

ጡረተኛው ፎርማን

ልጄ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት ብረት ላይ ነው። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ በብየዳ ጀምሬ፣ ቃሊቲ መስመር ያለ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ፎርማን ሆኜ ወጣሁ። የፋብሪካውን ስም ተዪው። አሁን ሥራዬ የልጅ ልጆቼን ትምህርት ቤት ማድረስና እዚህ መጨቃጨቅ ነው።

ከጻፍሽው ሁሉ ትልቋ ነገር መጨረሻ ላይ የተወሸቀችው ናት። በዚንክ መለበጥ፤ እኛ ጋልቫናይዝ የምንለው። መቁረጥና ማጠፍ ጩኸት አለው፣ ብናኝ አለው፣ ግን በግድግዳና በሰዓት ገደብ ልጓም ይገባለታል። ጋልቫናይዝ ግን ስሙ ብረት ሥራ ይሁን እንጂ የኬሚካል ሥራ ነው።

አሠራሩን ልንገርሽ። ምሶሶው መጀመሪያ ኮስቲክ ሶዳ ገንዳ ውስጥ ገብቶ ዘይቱን ይለቃል። ይታጠባል። ቀጥሎ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ይነከራል፤ ዝገቱንና ከተመረተበት ይዞት የመጣውን ጥቁር ቅርፊት አሲዱ ይበላለታል። እንደገና ይታጠባል። ከዚያ ፍለክስ የምንለው የዚንክና የአሞኒየም ክሎራይድ ውህድ ውስጥ ይገባል። በመጨረሻ በክሬን ተንጠልጥሎ፣ 450 ዲግሪ አካባቢ ወደሞቀ የቅልጥ ዚንክ ምጣድ ይወርዳል። ያኔ ቡፍ ብሎ ነጭ ጭስ ይነሳል። ሰው የሚያየውም የሚፈራውም እሱን ነው። ጉሮሮ ይይዛል፣ ደግ ነገር አይደለም፤ ግን ምጣዱ ከተከለለና መምጠጫና የከረጢት ማጣሪያ ከተገጠመለት ይያዛል።

የማይታየው አሲዱ ነው። አሲድ ብረት እየበላ ይደክማል። በአንድ ሊትር ከ100 ግራም በላይ ብረት ሲሸከም ሥራው ይጓተታል፤ ያኔ ይቀየራል። የደከመው አሲድ አረንጓዴ ነው። አየር ሲያገኘው እየቆየ ወደ ዝገት ቀለም ይሄዳል። አሮጌ ምሶሶ እየላጡ እንደገና የሚለብጡ ከሆነ ደግሞ ዚንክ አለበት፤ ከዚንኩ ጋር እርሳስም ሊኖር ይችላል። እንግዲህ የሁሉም ጥያቄ አባት ይኼ ነው፦ ያ ገንዳ ሲደክም የት ይሄዳል?

እኔ የሠራሁበት ቤት በወረቀት ላይ ማጣሪያ ነበረው። አሲዱን የሚያከሽፈው የኖራ ገንዳ፣ ማማሰያ ሞተሩ፣ ፒኤች ማለትም የአሲድነት መለኪያው፣ ምን የጎደለ ነገር ነበር? እንግዳ ሲመጣ ሞተሩ ይነሳል። እንግዳው ሲሸኝ ይጠፋል። ኖራ ገንዘብ ነው፣ ዝቃጭ ማስነሳትም ገንዘብ ነው። ስለዚህ ክረምት ይጠበቅ ነበር። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲያጓራ፣ ሌሊት ቫልቩ ይከፈታል። ጠዋት ወንዙ ደፍርሶ ሞልቷል፤ ማን ምኑን ለይቶ ያያል?

ሌላ ደግሞ። ከፋብሪካው አጥር ሥር የሚኖሩ አንዲት እናት ነበሩ። ቆጥበው ቆጥበው ጣሪያቸውን በአዲስ ቆርቆሮ አለበሱ። የእኛ አሲድ ገንዳ ያለበት ሼድ በእሳቸው በኩል ግድግዳ የለውም። ሙቀት ሲሆን ትነቱ ቀጥታ ወደ እሳቸው ነው። ክረምት ሳይደገም በእኛ በኩል ያለው ክንፍ ሚስማሩ ዙሪያ ቀላ፣ ከዚያ እንደ ሽፍታ ወረደ። በወዲያኛው በኩል ያለው ክንፍ ገና ያብለጨልጫል። ዝገት መከላከያ የሚሸጥ ፋብሪካ የጎረቤቱን ጣሪያ አዛገ! ካሳ ሲጠይቁ «ቆርቆሮው ጥራት የለውም» ተባሉ። ቆርቆሮው አንድ፣ ሱቁ አንድ፣ የተመታበትም ቀን አንድ።

ስለዚህ ቅዳሜ «ብክለት አለው ወይ?» ብለሽ አትጠይቂ። «የለውም» ይሉሻል፣ ታመሰግኛለሽ፣ ትቀመጫለሽ። ቁጥር ጠይቂ። የአሲድ ገንዳው ስንት ሜትር ኪዩብ ይይዛል? በዓመት ስንት ጊዜ ይቀየራል? የደከመውን ማን ነው የሚረከበው፤ ውሉስ የታለ? እዚያው በኖራ እናከሽፋለን ካሉ ዝቃጩ የት ይደፋል? «ቆሼ» የሚል ካለ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ በዪ፤ እንዲህ ያለ ዝቃጭ ከቤት ቆሻሻ ጋር የሚደባለቅ አይደለም። የኖራውም ነገር በዘፈቀደ አይሆንም። ሲያንስ ብረቱና ዚንኩ ውሃው ውስጥ ይቀራሉ። ከልክ በላይ ሲበዛም ዚንኩ ተመልሶ ይሟሟል። የሚለካ ሰው ከሌለ ማጣሪያው ጌጥ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ይኼን ያዥ፦ «ወደ ውጭ የሚወጣ የፍሳሽ ቱቦ አላችሁ?» በደንብ የተሠራ ጋልቫናይዝ ቤት የእጥበት ውሃውን ወደ ዲች አይለቅም። ከአሲዱ በኋላ ያሉት የማጠቢያ ገንዳዎች በተርታ ይሆኑና፣ የቆሸሸው ውሃ አዲስ አሲድና ፍለክስ ማቅጠኛ ሆኖ ይመለሳል። ይኼ አሮጌ ጥበብ ነው፣ ውሃም ይቆጥባል። «ቱቦ የለንም» ካሉ እሰዬው። ከፈቃዱ ጋር በጽሑፍ ይግባ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ከግቢው የሚወጣ ቱቦ ብታገኙ ላቦራቶሪም ክርክርም አያስፈልጋችሁም፤ ቱቦው ራሱ ጥፋት ነው።

ከገንዳዎቹ ሥር ስላለው መከላከያም ጠይቂ። ገንዳ ይሰነጠቃል፣ ያለ ነገር ነው። ዙሪያውን አሲድ በማይበላው ነገር የተለበደ ጎድጓዳ መያዣ መኖር አለበት፤ የትልቁን ገንዳ 110 በመቶ የሚችል። ጣሪያም ይኑረው፤ አለዚያ ክረምት መጥቶ ዝናቡ ይሞላዋል። ደግሞ ከዚንኩ በኋላ ክሮሜት ትጠቀማላችሁ ወይ በዪያቸው። አዲስ ምሶሶ ነጭ ዝገት እንዳያወጣ ማቀዝቀዣው ውሃ ውስጥ የሚጨምሩ አሉ። እሱ ከአሲዱም የባሰ መርዝ ነው፣ የሚተካው ነገርም አለ።

የቄራዋ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜዎን ያርዝመው። አንብቤ ስጨርስ በረንዳ ላይ ወጥቼ ግቢውን ሳየው ቆየሁ። የዝናብ ማፍሰሻው ቀጥታ ወንዙ ውስጥ ነው የሚገባው። እስከዛሬ አይቼው አላውቅም።

ሁለት ነገር ልጨምር። የጭሱን ነገር ጎረቤቶቼን ምን ልበላቸው? የእናቴን የጩኸት ነገርስ? አንድ ጎረቤቴ ደግሞ «አንቺ ደሞዝ ስላለሽ ነው፤ የልጄን እንጀራ አትዝጊ» ብሎኛል። መልስ አጣሁለት።

ቆርቆሮ ተራ

እህቴ፣ ጋሽ ፎርማን ያሉት እውነት ነው፤ ግን ነገሩ በአንድ ወገን እንዳይቀር። እኔ መርካቶ ብረታ ብረት እነግዳለሁ። የኮሪደር ልማቱ ከመጣ ወዲህ መንገዱ ሁሉ ምሶሶ ነው። ተለብጦ ያለቀለትን ከውጭ ማምጣት ዶላር ይበላል። ያልተለበጠውን ጥቁር ላሜራ አምጥቶ እዚህ ማጠፍ፣ እዚህ መለበጥ ይረክሳል። ሥራውም እዚህ ይቀራል።

ደግሞ እናንተ የመሀል ከተማ ሰዎች መፍትሔያችሁ ሁሌም አንድ ነው። ቃሊቲ ይሂድ፣ አቃቂ ይሂድ። አቃቂ ሰው አይኖርም እንዴ? አክስቴ እዚያ ናት። የላዩ ሰፈር ቆሻሻ ሁሉ በወንዝ ይወርድላታል፤ በላዩ ላይ ፋብሪካውን ትመርቁላታላችሁ።

ጡረተኛው ፎርማን

ቆርቆሮ ተራ፣ ልክ ነህ፤ አክስትህን ሰላም በልልኝ። አቃቂ ደግሞ ሰው ብቻ አይደለም ያለበት። ከተማዋ የምትጠጣው የጉድጓድ ውሃ የሚወጣበትም ቦታ ነው። «ከእኛ አርቃችሁ ድፉት» የሚል ነገር አልወጣኝም፣ አይወጣኝምም። ለነገሩ ቄራ የተደፋውም የሚሄደው ወደዚያው ነው። በትንሹ አቃቂ ወንዝ ወርዶ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያ አዋሽ። መንገድ ላይ ደግሞ ጎመንና ሰላጣ ያጠጣል። ጎመኑ ተመልሶ በጉልት የእኛው ሰፈር ይመጣል።

እንጀራ ላለሽ ጎረቤትሽ መልስ አለኝ ልጄ። ሰው የሚቀጥረው የፋብሪካው ክፍል የትኛው እንደሆነ ንገሪው። መቁረጥ፣ ማጠፍ፣ ብየዳ፣ መሞረድ፣ መጫን፤ ሠራተኛው የሚሰለፈው እዚያ ነው። አሲዱና ዚንኩ ጋ የሚቆመው ጥቂት ሰው ነው። መርዙ ግን ያለው እሱ ጋ ነው። በብዙ አገር ምሶሶ የሚያጥፈውና የሚለብጠው የተለያየ ድርጅት ነው፤ አንዱ ለባጭ ለብዙ ብየዳ ቤት ይሠራል። ስለዚህ እኔ የምለው፣ ደረቁ ሥራ ግቢያችሁ ውስጥ ይግባ፣ ልጁም ይቀጠር። እርጥቡ ሥራ ግን ከወንዝ አፋፍ ይነሳ። ማጣሪያውን ለብዙ ፋብሪካ በጋራ የሚያንቀሳቅስ፣ ባለሙያ የቀጠረ የኢንዱስትሪ ቦታ ይሂድ። ይኼን ሐሳብ ባለሀብቱም ላይጠላው ይችላል፤ አሲድ ቤት መገንባት ርካሽ እንዳይመስልሽ። በስብሰባው «አዎ ወይስ አይ» ብለው ሲያፋጥጧችሁ «ግማሹን አዎ» በሏቸው። እንዲህ የሚል ሰው አይጠብቁም።

የጭሱ ነገር። ኅዳር ሲታጠን ሰፈራችሁ ምን ይመስላል? ኅዳር 12 ጠዋት ሁሉም ቆሻሻውን አቃጥሎ ጭሱ ከሸለቆው አልነሳ ብሎ እስከ ረፋድ ይተኛል አይደል? ብርድ ባለበት ወቅት ጠዋት ጠዋት አየሩ እንደ ክዳን ይጫነዋል። የፋብሪካም ጭስ ያንኑ ነው የሚያደርገው፤ እናንተ ደግሞ አፋፉ ላይ ናችሁ፣ መስኮታችሁ ከጭስ ማውጫው እኩል ሊሆን ይችላል። የጭስ ማውጫው ከእኛ ብሎክ ጣሪያ በስንት ሜትር ይበልጣል ብለሽ ጠይቂ። ሥዕሉ ላይ ይሳዩሽ።

ጩኸቱን በተመለከተ እናትሽ እውነታቸውን ነው፤ ግን ግራይንደሩ ቢያንስ ማታ ያርፋል። የዚንክ ምጣድ አያርፍም። ዚንክ ከ420 ዲግሪ በታች ሲወርድ ይረጋል፤ ምጣዱ ውስጥ ከረጋ ኪሳራው ለጉድ ነው። ስለዚህ ሌት ተቀን ይሞቃል። መብራት ሲሄድ ጄኔሬተር ይነሳል፣ በሌሊትም ቢሆን። ከባድ መኪና ደግሞ ቀን የሰዓት ገደብ ስላለበት ላሜራ የሚራገፈው ማታ ነው። ላሜራ ከመኪና ሲወርድ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ሙት ይቀሰቅሳል። ለመኖሪያ ሰፈር ልኩ ቀን 55፣ ማታ 45 ዴሲቤል ነው። ከአሁኑ፣ ፋብሪካው ሳይመጣ፣ በረንዳችሁ ላይ ማታ ማታ ይለካ። በኋላ «ድሮም ይጮህ ነበር» እንዳይሏችሁ። ውሃውም እንደዚያው። ከግቢው በላይና ከግቢው በታች ወንዙ አሁኑኑ ተለክቶ ይቀመጥ። ወንዛችን ድሮውኑ የተበከለ ስለሆነ ያለ መነሻ ልኬት ማንንም መክሰስ አይቻልም። ይኼ ዘዴ ገብቷቸው ዝም የሚሉ አሉ።

ጠበቃ ነኝ አላልኩም

የፎርማኑን የሙያ ነገር ለእሳቸው ትቼ የወረቀቱን ልጨምር። እህቴ፣ አዳራሹ ውስጥ ጥያቄ የምትጠይቂው በልመና አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹህና ጤናማ አካባቢ መብት ነው ይላል። አንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝብ በቀጥታ በሚነካው የአካባቢ ጉዳይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት ይሰጠዋል። በ1995 የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዛል። ሪፖርቱ ማለት የያዛችሁት ማጠቃለያ አይደለም። ሙሉውን ሰነድ ጠይቂ፣ በተለይ የአካባቢ አያያዝ ዕቅዱን። በእንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ ዋናው ሐሳብ በአማርኛ ተጽፎ ይሰጠን በሉ። ዕቅዱ ውስጥ ከእያንዳንዱ ተግባር ጎን የሚሠራው ሰው ኃላፊነት፣ በጀትና ጊዜ ተጽፎ መገኘት አለበት። «ጥንቃቄ ይደረጋል» የሚለው ግሥ አድራጊ የለውም።

በዚያው አዋጅ ያለፈቃድ ሥራ የጀመረ ወይም በሪፖርቱ የዋሸ ቅጣቱ ከ50 ሺህ እስከ 100 ሺህ ብር ነው የተጻፈው። ለዛሬ ባለፋብሪካ የምሳ ግብዣ ነው፤ ስለዚህ በቅጣቱ አትተማመኑ፣ በፈቃዱ ላይ በሚሰፍረው ግዴታ ተማመኑ። ከዚያ በኋላ ነገር ቢመጣ ደግሞ የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 አለላችሁ። ማንም ሰው «እኔ በግሌ ተጎዳሁ» ማለት ሳይጠበቅበት ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ይሄዳል። በጽሑፍ አስገቡ፣ ቅጂው ላይ ማኅተም አስደርጉ። የቃል አቤቱታ ከደጃፍ አያልፍም።

የቄራዋ

ኧረ ተባረኩ። ጥያቄዎቹን ጽፌ ለብሎኩ ሰው አከፋፍያለሁ። እናቴ የጄኔሬተሩን ጥያቄ እኔ ነኝ የማነሳው ብላ ይዛዋለች፤ ነጠላዋን ከአሁኑ አስተኩሳለች። እንጀራዬን አትዝጊ ያለኝ ጎረቤቴም «ግማሹን አዎ» የሚለውን ሲሰማ አብሬ እገባለሁ ብሏል።

አንድ የቀረኝ ነገር፣ ስንገባ የሚያስፈርሙን ወረቀት አለ ተብሏል። ልፈርም ወይስ አልፈርም?

ጠበቃ ነኝ አላልኩም

ፈርሚ፣ ግን ከላይ ርዕሱን ሳታነቢ እንዳትፈርሚ። ባዶ ሠንጠረዥ ከሆነ ከስምሽ ጎን በእጅሽ «ለመገኘት ብቻ» ብለሽ ጻፊበት። የመገኘት ፊርማ በኋላ «ኅብረተሰቡ ተስማምቷል» ከሚል ገጽ ጋር ተጣብቆ ሊገኝ ይችላል። ከመውጣታችሁ በፊት ቃለ ጉባኤው ይነበብ፣ ጥያቄያችሁ መግባቱን ስሙ፣ በስልክ ፎቶ አንሱት። ሳይነበብ ሻይና ቆሎ ከቀረበ አትነሱ።

ጡረተኛው ፎርማን

ሻይና ቆሎውንስ ብሉ፣ በታክሳችሁ ነው። ቅዳሜ ማታ ግን የቱቦውን ጥያቄ ምን ብለው እንደመለሱት ጻፊልኝ። «በጥናት ይታያል» ካሉ ቱቦው አለ ማለት ነው።